ክብር በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ

የአንድ ኅብረተሰብ የሞራል ሚዛን ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ማንን እንደሚያከብርና ስለ ምን እንደሚያከብር ነው። ሐውልት፣ የመንገድ ስም፣ ሜዳልያ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ያለ ቃል የሚነገሩ ትምህርቶች ናቸው። በትምህርት ቤት ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ትምህርት ቤት ያለፈውን ተማሪ ባከበረ ቁጥር ገና ለሚመጣው ተማሪ «አንተም እንዲህ ሁን» እያለ ነውና። የላቁ ስፖርተኛ ተማሪዎችን የማክበር ጥያቄም መመርመር ያለበት ከዚህ አንጻር ይመስለኛል።

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የታወቀ ልማድ አለ። ትምህርት ቤቱ በሩጫ፣ በኳስ፣ በዋና የላቁትን ልጆቹን መርጦ ስማቸውንና ምስላቸውን በአንድ አዳራሽ ወይም መተላለፊያ ላይ ያኖራል፤ ተመራጩም ትምህርቱን ጨርሶ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ተጠርቶ በሥነ ሥርዓት ይከበራል። በእኛ አገር ይህን መሰሉ ልማድ ሥርዓት ይዞ አልተስፋፋም። የእኛ ትምህርት ቤቶች የክብር ሥፍራ አብዛኛውን ጊዜ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ነው፤ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ዋንጫዎች ተደርድረው ይታያሉ። ዋንጫው የትምህርት ቤቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ይናገራል፤ የሮጠውን ልጅ ስም ግን አይናገርም። እንግዲህ አንደኛው ልማድ ግለሰቡን ከጓደኞቹ ነጥሎ ሲያነግሥ፣ ሁለተኛው ሁሉንም በአንድ ዋንጫ ውስጥ ያሟሟቸዋል። የትኛው ይሻላል ብሎ ከመፍረድ በፊት ክብሩ ለምን እንደሚሰጥ መጠየቅ ያሻል።

ጥያቄውን በረቂቁ ከምናየው መልካ ጀብዱ ላይ ብናቆመው ይሻላል። መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በቆላው ሜዳ ላይ ያለች፣ በዛሬው ጊዜ የኢንዱስትሪ ፓርክና አዲሱ የባቡር መስመር የቀረቧት አነስተኛ ሥፍራ ናት። የስሟ አመጣጥ ምንም ይሁን ምን፣ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ጀብዱ» ሲባል የጀግንነትን ሥራ ይሰማል። («ጀብደኛ» መባል ከስድብ የሚቆጠርበትን ዘመን የሚያስታውሱ አንባቢዎች እዚህ ላይ ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም።) በዚህች ሥፍራ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የላቁ ስፖርተኞቹን ስም በግድግዳው ላይ ለመጻፍ ቢነሣ በምን መለኪያ ይመርጣቸው?

ለኢትዮጵያዊ ወዲያው ትዝ የሚለው መለኪያ የረጅም ርቀት ሩጫ ነው፤ የዚህም መለኪያ አገሩ በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ናት። ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትርን ሩጫ ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪቃዊት ሆነች፤ ፋጡማ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪቃ ሴቶች ቀዳሚ ሆነች። ከእነዚህ ስሞች በስተኋላ በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ አሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚሰቅለው ፎቶግራፍ አይቸገርም።

ይሁን እንጂ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የድሬዳዋ አካባቢ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሙቀቱም የታወቀ ነው። በስስ አየር ያደገ ልጅ ደሙና ሳምባው ለረጅም ርቀት የሚያገኙትን ብልጫ የቆላው ልጅ አያገኝም። በበቆጂ መለኪያ ከሄድን የመልካ ጀብዱ ግድግዳ ባዶውን ሊቀር ይችላል። ያ ባዶነት የሚነግረን የልጆቹን ስንፍና ነው ወይስ የመሬቱን ከፍታ?

ምስጋና የሚገባው ለተሠራ ሥራ እንጂ ለተወለዱበት ተራራ አይደለም ማለት ቀላል ነው። ችግሩ ሥራውና ተፈጥሮው በአንድ አካል ውስጥ ተዋሕደው መገኘታቸው ነው፤ የትኛው ሰከንድ ከልፋት፣ የትኛው ከሳምባ እንደ መጣ ለይቶ የሚነግረን ሰዓት የለም። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በኦሊምፒያ አክሊል የሚደፉት መልከ መልካሞቹና ጠንካሮቹ ሳይሆኑ የሚወዳደሩት ናቸው፤ አሸናፊው የሚወጣው ከእነርሱ መካከል ነውና ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ሐሳብ ለትምህርት ቤት ከማናቸውም የሰዓት መዝገብ ይልቅ ይጠቅማል። ወደ ውድድሩ መግባት የልጁ የራሱ ሥራ ነውና፤ በመልካ ጀብዱም በበቆጂም እኩል ይቻላል።

ውጤት ብቻውን ምን ያህል ደካማ ምስክር እንደ ሆነ ከራሳችን ታሪክ እንመልከት። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ጎዳና ላይ ሌላ ኢትዮጵያዊ ይሮጥ ነበር። አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። ከዓለም ሰባተኛ! ዛሬ ስሙን ለተማሪዎቹ የሚነግር መምህር ስንት ይሆን? ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ቢያገኝም የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ አመለጠው። በ1968 ዓ.ም. የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛውን የደቡብ አፍሪቃ አገዛዝ ችላ ብሎ ወደዚያ በመጓዙ፣ ኢትዮጵያ ከብዙ አፍሪቃውያን አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች። ሁለቱ ወርቆች የተገኙት በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ነው። የሞስኮው ዕድል ባይመጣ ኖሮ ያው ሰው፣ ያው ልፋት፣ ያው የመጨረሻ ዙር ፍጥነት በየትኛው ግድግዳ ላይ ይጻፍ ነበር? አገራችን በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ከሶል በመቅረቷ ጉልበታቸው በዚያ ዘመን የበሰለ ወጣቶች ምሩጽ ያገኘውን ሁለተኛ ዕድል አላገኙም። ስለ አንድ ዓላማ አለመሮጥም ዋጋ የሚከፈልበት ተግባር ነው፤ ነገር ግን ሜዳልያ የለውም።

ምሩጽ ከሞንትሪያል በቀረበት በዚያው በ1968 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር የአፍሪቃን ዋንጫ አስተናግዳለች፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የያኔዋ ዛይር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት በዚያ ነበር። ዋንጫው የሞሮኮ ሆነ። ለነገሩ ድሬዳዋ ኳስን ከዚያ አስቀድማ ታውቀዋለች። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን የኳስም ከተማ ሆናለች፤ በ1950ዎቹ የጥጥ ፋብሪካውና የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድኖች የአገሪቱን ሻምፒዮናነት እስከ መውሰድ ደርሰዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪቃን ዋንጫ ስትወስድ አምበል የነበረው፣ ከአራቱ ግቦችም አንዷን ያስቆጠረው ሉቺያኖ ቫሳሎ ለድሬዳዋው የጥጥ ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። እንግዲህ የመልካ ጀብዱ ልጅ የሚወርሰው ባህል ከበቆጂው የተለየ ነው ማለት ነው። ባህሉ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው የቡድን ጨዋታ ነው። በቡድን ጨዋታ ደግሞ ኳሷን ያቀበለውን ትቶ ያስቆጠረውን ብቻ በግድግዳ ላይ መስቀል ጨዋታውን ራሱን አለማወቅ ይሆናል።

«ሁሉም ከተከበረ ማንም አልተከበረም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተራ አይደለም። አንደኛ የወጣው አንደኛ ነው፤ ይህን ማደብዘዝ ለሰባተኛውም ስድብ ነው፣ የእርሱም ልፋት የሚለካው በፊቱ በነበሩት ስድስት ሰዎች ነውና። ይሁን እንጂ ማዕረግ መስጠትና ታሪክ መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። የመጀመሪያው የስታዲዮም ሥራ ነው፤ ቀኑን ያውቃል፣ ሰዓቱን ያውቃል፣ ሰው አያውቅም። ትምህርት ቤት ግን ልጁን ያውቀዋል፤ ጫማ ለጓደኛው ያዋሰውን፣ ከአያቱ ፍየሎች ጋር ውሎ ወደ ልምምድ የመጣውን፣ የወር አበባዋ ሲመጣ ከሜዳ የምትቀረውንና ተመልሳ የምትጀምረውን ያውቃል፤ ወይም ማወቅ ነበረበት።

ከዚህ የሚከብደው ግን በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምስል ለትናንሾቹ ተስፋ መሆኑ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣውና ስለ በቆጂ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ከትውልድ ከተማቸው ርቀው ወደ ማሠልጠኛ የሄዱ ልጃገረዶችን ይከተላል፤ ተመልካቹ የሚያየው ከመድረኩ ይልቅ መንገዱን፣ ናፍቆቱን፣ ያልተሟላውን ማደሪያ ነው። በአንድ ፎቶግራፍ ተጠርተው ደብተራቸውን የዘጉት ልጆች ስንት ናቸው? ያልደረሱትንስ ማን ተቀበላቸው? የጠራቸው ትምህርት ቤት ከሆነ ዕዳው የትምህርት ቤቱ ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ዜኖፋኔስ ከተሞች ስፖርተኛን ከጥበብ ሰው አብልጠው ማክበራቸውን ሲነቅፍ ያዘነው ለጥበብ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማዝነው ለስፖርተኛው ነው፤ ጥበብ ሳይሰጠው ተጨብጭቦለት የተሸኘው እርሱ ነውና። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት የክብር ሰሌዳ ሲያቆም፣ በሰሌዳው ላይ ያሉት ልጆች ትምህርታቸውን እንዴት እንደ ጨረሱና ዛሬ በምን ሥራ ላይ እንዳሉ ማወቅ ይኖርበታል። ካላወቀ ገና አይስቀል።

ካወቀ ግን የውድድሩን መዝገብ ሙሉውን ይጻፍ፤ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው የሮጡትን ሁሉ በቅደም ተከተላቸው፣ ከሥራቸውም ያሠለጠናቸውን መምህር። በአንድ ሰሌዳ ላይ 12 ስም ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም አንድ ስም ለመጻፍ ከሚፈጀው ብዙም አይበልጥም። ሥዕሉን በተመለከተ ለሠዓሊዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ሯጮቹ በመጨረሻው ኩርባ ላይ ተጠጋግተው፣ ማን እንደሚቀድም ገና ሳይለይ፣ ክንድ ከክንድ እየተነካካ ይሣሉ። በመልካ ጀብዱ ፀሐይ ሥር ከሆነ አቧራውም አብሮ ይሣል። በየትምህርት ቤቱ ያየኋቸው የስፖርት ሥዕሎች ግን አንድ ሰው ብቻውን በደረቱ ክር ሲበጥስ የሚያሳዩ ናቸው።