ስለ ዕርቅና ስለ ካሣ

አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ዕርቅ የተወደደ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ሽማግሌ ይገባል፥ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው እግር በታች ይወድቃል፥ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሣዋል። ይህን መልካም ልማድ አንነቅፈውም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ሁሉ እንደ ተፈጸመ ይቈጠርና የጠፋው ሳይመለስ ይቀራል። የተበደለው ሰው በአፉ ታርቆ በልቡ ግን እንደ ተቀየመ ይኖራል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ይቅርታ የለመነው እንጂ ምን እንደ ጐደለው የጠየቀው የለም።

የእግዚአብሔር ሕግ እንዲህ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ6ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ የባልንጀራውን ገንዘብ የካደ ወይም የቀማ ሰው ዋናውን መልሶ በላዩ አምስተኛውን እጅ ይጨምራል። 100 ብር የካደ 120 ብር ይመልሳል ማለት ነው። መሥዋዕቱን ወደ ካህኑ የሚያመጣው ለባለ ገንዘቡ ከከፈለ በኋላ መሆኑን ልብ አድርግ። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፥ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስታውስ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዘዘ። ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ሲናገር ያስገደደው ዳኛ አልነበረም።

ምናልባት «ይህ የጥንት ነገር ነው» ትል ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 ዓመት በካናዳ አገር ኤልማይራ በምትባል ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ፤ የመኪና ጐማ ቀደዱ፥ መስኮትም ሰበሩ። ጥፋተኞችን በአመክሮ የሚከታተል ማርክ ያንዚ የሚባል ሜኖናይት ክርስቲያን ልጆቹ የበደሏቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቢያገኟቸው መልካም እንደሚሆን ለዳኛው አሳሰበ፥ ዳኛውም ፈቀደ። ወጣቶቹ በየደጁ እየሄዱ ያጠፉት እነርሱ መሆናቸውን ተናገሩ፥ የጉዳቱንም ልክ ሰሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ካሣውን ይዘው ተመለሱ። ይህም አሠራር ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፋ። ወኅኒ ቤት መግባት ከዚህ የሚቀል ይመስለኛል፤ በወኅኒ ያለ ሰው የበደለውን ሰው ፊት አያይምና።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤትህ እንምጣ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ፥ የተበደለ ሰው አስቀድሞ በዳዩን ለብቻው እንዲያነጋግር፥ ባይሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ እንዲሄድ፥ በመጨረሻም ለማኅበሩ እንዲናገር አስተማረ። በመሥሪያ ቤት ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ እናየዋለን፤ ነገሩ አስቀድሞ በሻይ ሰዓት ለሁሉ ይነገራል፥ ከዚያም በደብዳቤ ለአለቃ ይደርሳል፥ ባለ ጉዳዩ ራሱ ከሰው ሁሉ በኋላ ይሰማል።

አንድ ጸሐፊ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ በባልንጀሮቹ ፊት «ሌባ» ቢለው፥ ጠፋ የተባለውም ዕቃ በኋላ ቢገኝ፥ ካሣው ምንድር ነው? ብዙዎች ሰውዬውን ለብቻው ጠርተው «አትቀየመኝ» ብለው ያልፋሉ። ስሙ የጠፋው በ10 ሰዎች ፊት እንደ ሆነ ግን በእነዚያው በ10 ሰዎች ፊት ይመለስለት፤ ለአለቃውም የተጻፈ ቃል ካለ በጽሑፍ ይሻር።

እናንተም የምታስታርቁ ሽማግሎች ሆይ፥ ተጠንቀቁ። በዳዩ ባለጠጋ፥ ተበዳዪቱም የቤት ሠራተኛ ብትሆን፥ «ተዪው፥ እንጀራሽን አትዝጊ» ብሎ ዝም ማሰኘት ሁለተኛ በደል ነው። አስቀድማችሁ እርስዋን ጠይቁ፤ ምን ደረሰብሽ፥ ምን ጐደለብሽ፥ የጐደለውንስ ሊሞላ የሚገባው ማን ነው በሏት። የተከለከለችውን ደመወዝ ሳታገኝ ዕርቅ አወረድን አትበሉ። ይቅርታዋም ከእርስዋ የሚገኝ ስጦታ ነውና ማንም ሊያዝበት አይችልም። በሰውነትዋ ላይ ግፍ ተሠርቶ እንደ ሆነም ነገሩ ወደ ዳኛ ይሂድ፥ በሽምግልና አይሸፈን።

ወዳጄ ሆይ፥ በዳዩ አንተ እንደ ሆንህ የማን ደጅ እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ። ብቻህን መሄድ ብትፈራ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው ይዘህ ሂድ። ያጠፋኸውን በስሙ ጥራው፥ «ምናልባት ከፍቶህ እንደ ሆነ» በሚል ቃል አትሸፍነው፤ ከዚያም ዝም ብለህ ስማ። ደጁን ሳይከፍትልህ ቢቀር አትቈጣ። ዕዳውን ከነአምስተኛው በሽማግሌው እጅ ላክለት፥ እርሱም ራሱ እስኪጠራህ ድረስ ታገሥ።