ፎቶ ኮፒ ላይ ይፈረማል ወይ?

ባለፈው ሰሞን ስድስት ኪሎ አካባቢ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ስጠጣ አንድ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ቆመና ስሜን ጠርቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ በዚህ ዘመን ጸሐፊን በመልኩ የሚለይ አንባቢ ከየት ይገኛል? ከቦርሳው መጽሐፌን አውጥቶ «ይፈርሙልኝ» ሲል እስክሪብቶዬን መዘዝኩ። ልብ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። በእጄ የያዝኩት የመጽሐፌ ፎቶ ኮፒ ነው። ከዳር እስከ ዳር ተገልብጦ በፕላስቲክ ተጠርዟል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ጠቁሮ ወጥቷል። አንዱ ገጽ ላይማ የገልባጩ አውራ ጣት ሳይቀር አለ!

እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ።

ልጁ አላፈረም። «ገበያ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ላይብረሪ ያለው አንድ ኮፒ ነው፤ እሱም አይወጣም። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለፈለግኩት ኮፒ አስደረግኩት» አለኝ። ስንት እንደከፈለ ጠየቅኩት። ነገረኝ። መጽሐፌ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ይበልጣል!

እውነቱን ነው፣ መጽሐፉ ገበያ ላይ የለም። አሳታሚው ድጋሚ አላሳተመውም፤ እኔም ገንዘቡ የለኝም። ታዲያ ይህ ልጅ ምን ሰረቀኝ? ሊሸጥልኝ የማይችል መጽሐፍ ሽያጭ? ደግሞስ እኔ ማን ነኝና! ተማሪ ሳለሁ አንዲት ማጣቀሻ መጽሐፍ ለክፍሉ ሁሉ ነበረች፤ ብር አዋጥተን ምዕራፍ በምዕራፍ እናስገለብጣት ነበር። ደራሲው ይስማማ አይስማማ የጠየቀ አልነበረም። የምንጠይቀው ገጹ በስንት ሳንቲም እንደሆነ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ አገላበጥኩ። ሰው ለግሉ አንድ ቅጂ ቢያነሣ አዋጁ አይከለክለውም፤ መጽሐፍን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ኮፒ ማድረግ ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ለሚያጠና ሰው አንድ አጭር ጽሑፍ ወይም ቅንጫቢ አንሥቶ መስጠት ይችላል። የጠፋበትን ወይም የተበላሸበትን መጽሐፍ ደግሞ፣ በተገቢ ሁኔታ ሌላ ማግኘት ካልቻለ፣ አባዝቶ መተካት ይችላል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። እንግዲህ በሕጉ ልጁ አጥፍቷል። እኔ ሞቼ አምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስም መጽሐፌ መደርደሪያው ላይ አቧራ ሲጠግብ ይኖራል።

የጥንቶቹ ቢያዩን ምን ይሉን ነበር? ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሰው መጽሐፍ ሲገለብጥ ይመሰገን ነበር እንጂ አይከሰስም ነበር። በየብራናው ላይ ግዝት አለ፤ መጽሐፉን የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። የገለበጠው ግን ግዝቱ ውስጥ የለም። ለነገሩ አንድ መጽሐፍ መገልበጥ ወራት የሚፈጅ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጣት አሥር ሺህ ሰው ይደርሳል።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ አንድ ወዳጄን ይህን አጫወትኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ስለ ፎቶ ኮፒ ታወራለህ፤ እኔ ስካን ማድረግ ፈርቼ የምስጥ ሲሳይ የሚሆን ስንት መጽሐፍ አለኝ መሰለህ! ደራሲው ሞቷል፣ ወራሹ የት አገር እንዳለ አይታወቅም፣ ማንን ላስፈቅድ?» የወረቀት መጽሐፍ ሲገዛ የራሱ ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ጆርናል ግን ኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ በሩ ይዘጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. እንደተጀመረው እንደ ሂናሪ ባሉ መርሐ ግብሮች ለድሃ አገሮች በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጠውም ቢሆን የአሳታሚዎች ችሮታ ነው። ችሮታ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ሌላውም አገር ያው ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የአሜሪካ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የወረቀት መጽሐፍ ስካን አድርጎ፣ አንዱን መጽሐፍ ለአንድ ሰው በወረፋ ያውስ ነበር። በ2020 በኮቪድ ሰሞን ወረፋውን ሲያነሣ አራት አሳታሚዎች ከሰሱት፤ በ2024 በይግባኝም ተረታ። ፍርድ ቤቱ በወረፋ ማዋሱንም አልተቀበለለትም። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅና ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ በ2012 በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ከሰሱ። አማርትያ ሴን፣ ያውም ኦክስፎርድ መጽሐፎቹን የሚያሳትምለት ሰው፣ ተዉ ብሎ ጻፈላቸው። በ2016 ፎቶ ኮፒ ቤቱ ረታ። እዚያ የተገለበጠው ግን ለትምህርት ከየመጽሐፉ የተወሰደ ክፍል ነው፤ የኔው ልጅ ሙሉውን ነው የጠረዘው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ደራሲ አውቃለሁ፤ የማተሚያ ቤት ዕዳዋን ሳትከፍል መጽሐፏ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። መጽሐፉ በየመደብሩ አለ! ያስተላለፉትም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ «አንብቡ፣ ዕውቀት ይስፋፋ» ብለውበታል። በሰው ዕዳ ዕውቀት ማስፋፋት መቼም ቀላል ነው። እሷና እኔ በአዋጁ ፊት እኩል ነን፤ ለኔ ግን እኩል አይደለንም። አዋጁ «ሌላ ማግኘት ካልቻለ» የሚለውን ጥያቄ ለቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ሰጥቶታል፤ ያውም መደርደሪያውን እንዲሞላበት። እኔ ብሆን ለአንባቢውም እሰጠው ነበር። የትም የማይገኝ መጽሐፍ የገለበጠና ገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ የበተነ በአንድ ስም መጠራት የለባቸውም። ይህን ስል ለራሴ የተማሪነት ጥፋት ጠበቃ እየቆምኩ ይሆን? ሊሆን ይችላል።

ልጁ ጋ ልመለስ። ፈረምኩለት፤ አውራ ጣቱ ካለበት ገጽ ላይ። አመስግኖ ሊሄድ ሲል ዞር አለና «ጋሼ፣ የክፍል ጓደኞቼም ይፈልጉታል። ከፈቀዱልኝ ስካን አድርጌ ልላክላቸው?» አለኝ። ልፈቅድለት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁ። የማባዛት መብቱን ለአሳታሚው ሰጥቼው ይሆን? ውሉን ስፈርም አላነበብኩትም። ስልኩን ተቀበልኩት። ይኸው ሁለት ሳምንቴ፣ ያንን ውል ቤት ውስጥ እየፈለግኩ ነው።