ከዐይን የቀረበ

አባቴን ወደ ዐይን ሐኪም የወሰድኩት ባለፈው ዓመት ነበር። የስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ስኳር የዐይንን ስስ የደም ሥሮች ስለሚጎዳ የዐይኑ ውስጥ ይታይ ተባለ። ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ ጥቂት ካስጠበቀችን በኋላ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ፣ ቀጭን ብርሃን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ስትመረምረው፣ አባቴ ድንገት «እንዴ! የዛፍ ቅርንጫፍ ይታየኛል» አለ። ደነገጥኩ። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣

«አይጨነቁ አባባ፣ የራስዎ የደም ሥሮች ጥላ ነው። ዕድሜ ልክዎን እዚያው ነበረ» አለችው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አላየሁትም?»

«ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ነዋ! አሁን ብርሃኑ ሲንቀሳቀስ ጥላውም ተንቀሳቀሰ።»

አባቴ በነገሩ ተገርሞ ቤት እስክንደርስ ስለ ዛፉ ሲያወራ ነበር። እኔን ግን ያ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

«ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል» እንላለን። ከዐይን እጅግ የቀረበው፣ ዘወትር በአንድ ቦታ የቆመውስ? እሱም ይርቃል። ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ ኢግናዝ ትሮክስለር የተባለ ስዊዛዊ ሐኪም ነው። በየና ዩኒቨርሲቲ የፈላስፋው የሼሊንግ ተማሪ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ የጻፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1804 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበር። ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅምና እርስዎም ይሞክሩት። በነጭ ወረቀት መካከል አንዲት ጥቁር ነጥብ ያድርጉ። ከነጥቧ ራቅ አድርገው፣ በእርሳስ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ በጣት የደበዘዘ ክብ ያጥቁሩ። አሁን አንድ ዐይንዎን ጨፍነው፣ በሌላው ነጥቧን ብቻ ትክ ብለው ይመልከቱ። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ክቡ ይሳሳል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያም ይጠፋል። ዐይንዎን ሲያርገበግቡ ይመለሳል።

ነገሩ የዐይን ድካም ብቻ አይደለም። ዐይንና አንጎል የሚጠብቁት ለውጥን ነው፤ አንድ ዓይነት መልእክት ሳያቋርጥ ሲመጣባቸው ምላሻቸውን ይቀንሳሉ። ለዚህም ይመስላል ዐይናችን አንድ ነገር ላይ ተክለነዋል በምንልበት ጊዜ እንኳ የማያርፈው፤ በየሰከንዱ አንድ ሁለት ጊዜ እኛ ሳናውቀው ፈንጠር ይላል፣ በመካከሉም ይንቀጠቀጣል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (አሁንም በፈረንጆቹ) በእንግሊዝና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ዐይን ላይ በሚለጠፍ መስተዋት አማካይነት ምስሉ ከዐይን ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ዐይኑ የፈለገውን ያህል ቢወራጭ ምስሉ ሬቲናው ላይ ከነበረበት አይነቃነቅም ማለት ነው። በሰከንዶች ውስጥ ምስሉ ከተመልካቹ ፊት ጠፋ። ትክ ብሎ የሚያይ ሰው አጥብቆ ያየ ይመስለዋል፤ ዐይኑ በእርግጥ ቀጥ ቢልለት ኖሮ ግን ምንም ባላየ ነበር።

አሁን ወደ እንቅልፌ ልመለስ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከእኔ ጋር ይኖራል። ቦታው በመስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ናት። ማታ ስገባ «እንደምን ዋልክ አባዬ» እላለሁ፤ «እግዜር ይመስገን» ይላል፤ አለቀ። ጂዳ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ከአራት ዓመት በኋላ ለዕረፍት መጣች። በሩን አልፋ ገና ሳትቀመጥ አየችውና ሻንጣዋን ለቀቀችው።

«ጋሼ፣ አባዬን ምን አድርጋችሁት ነው?»

ቀበቶው ላይ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ቀዳዳዎቹ በሚስማር የተበሱ ናቸው። ሚስማሩን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ሚስማር ይኖርሃል?» ሲለኝ ከመሣቢያ አውጥቼ አቀበልኩት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሌሊት ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ሲነሣም እሰማ ነበር።

የትሮክስለርን ነገር ያነበብኩት ከሐኪም ቤት ከተመለስን በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ጠበቃ ማመልከቻ ነበር። ዐይን ተፈጥሮው ይህ ከሆነ እኔ ምን ጥፋት አለብኝ? አንድ ወዳጄም እንዲሁ ብሎ አጽናናኝ። ደግሞም ሐሰት አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ እስከ ታክሲ ተራው ያለውን ችግረኛ ሁሉ በየቀኑ እንደ አዲስ የሚያይ ሰው ሥራው አይደርስም። መልመድ ለመኖር የተሰጠን ነው።

ለሳምንት ያህል በዚህ ተጽናናሁ። ከዚያ ሙከራውን ራሴ ወረቀት ላይ ሠራሁት። በዚያ ወረቀት ላይ የጠፋው የተመለከትኳት ነጥብ አልነበረችም። የጠፋው በጎን ያለው ነው። እኔ አባቴን አብዝቼ በማየቴ ያጣሁት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ለካ በጎን ነበር። ዐይኔ የተተከለባት ነጥብ የቤት ዕዳዬ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከእሱ ፊት ተቀምጬ ስደምርና ስቀንስ ኖሬያለሁ። በጎን ያለው መጥፋቱ የተፈጥሮ ሥራ ይሁን። ነጥቧን የመረጣት ማን ነው?

ከዚህም የባሰ አለ። ክቡ ሲጠፋ በቦታው ጉድጓድ አይታይም፤ አንጎል ከዙሪያው ካለው ነጭ ወረቀት ወስዶ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለው አያውቅም። ሰዎች «አባትህ እንዴት ናቸው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» የምለው እየዋሸሁ አልነበረም። የቤቱን ደህንነት፣ የወንበሯን፣ የመስኮቱን ደህንነት ወስጄ እሱ ላይ ሞልቼበት ነበር። አላየሁም የሚል ሰው ቢያንስ አለማየቱን ያውቃል፤ እኔ ግን አይቻለሁ ብዬ እምል ነበር።

እርግጥ ሬቲና ግዴታ የለበትም፣ ልጅም አይደለም። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ነው የሚሄደው። በወረቀቱ ላይ የጠፋው ዐይን ሲርገበገብ ይመለሳል፤ የአባቴ የግራ ዐይን ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ዝም አለች።

እህቴ ወደ ጂዳ ስትመለስ በየሳምንቱ የአባዬን ፎቶግራፍ እንድልክላት አስማለችኝ። እልካለሁ። እኔም ማታ ማታ መቀመጫዬን እቀያይራለሁ፤ አንድ ቀን በፊቱ፣ ሌላ ቀን በጎኑ። ባለፈው እሑድ ሳላስበው በግራው በኩል ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ሰገግ አደረገና «ማን ነው እዚያ ያለው?» አለ።

«እኔ ነኝ አባዬ» አልኩት።

«መቼ ገባህ?»