ማንም በማያየን ስፍራ

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ አጭር ነው። ይኸውም፦ የሚያየውና የሚቀጣው በሌለበት ስፍራ፣ ሰው ልኩን ጠብቆ እንዲወስድ የሚያስገድደው ምንድን ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም እኛ ስድስት ሆነን ከአንድ ሳምንት በላይ ተከራክረንበታል። ክርክሩንም ያስነሣው ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ነው።

ከእኛው ጋር አድጎ ዛሬ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የሚኖር አንድ ወንድማችን፣ በጥር ወር በስልክ ሲያጫውተን፣ በረዶ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር ዓሣ ሲያጠምድ መዋሉን ነገረን። በመጀመሪያ የሚቀልድ መስሎን ነበር። በእኛ ደጋ በዳንዲና በወንጪ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ውርጭ ይለብሳል እንጂ፣ ሐይቁ ረግቶ ሰው ሲሄድበት ያየ የለም። በዚያ አገር ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ የውኃው ፊት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ሰው በእግሩ ይሄድበታል፤ ከዚያ እጅግ ሲወፍር መኪና ይነዳበታል። ከታች ያለው ውኃ ግን አይረጋም። ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሙቀት ላይ ስለ ሆነ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በረዶው ቀላል በመሆኑ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ዓሣውም ከዚያ ጣራ ሥር የብርዱን ወራት በሕይወት ያልፋል። አጥማጆቹ በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሱና፣ በቀዳዳው ላይ ትንሽ ጎጆ ተክለው፣ በውስጧ ምድጃ አንድደው፣ መንጠቆአቸውን ጥለው ይቀመጣሉ።

ወንድማችን የሄደበት ሐይቅ ሚል ላክስ ይባላል። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ዋልአይ የተባለውን ዓሣ ሲሆን፣ ቁጥሩ እያነሰ በመሄዱ የግዛቱ መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. የበጋውን ማጥመድ ከጊዜው በፊት ዘጋ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አንዳንድ የብርድ ወራትም ለአንድ ሰው አንድ ዋልአይ ብቻ፣ ያውም ርዝመቱ የተወሰነ፣ ተፈቀደ። ከዚያ በላይ የያዘ መልሶ መልቀቅ ነበረበት። ወንድማችን በእርሱ ቀን ስላየው ነገር እንዲህ አለን፦ «ጎጆው ዝግ ነው። ተቆጣጣሪ አልፎ አልፎ ይዞራል፤ በዚያ ቀን ግን ማንም አልመጣብንም። ባልደረባዬ የተፈቀደለትን ከያዘ በኋላ አንድ ትልቅ ዓሣ አወጣ። አየውና መልሶ በቀዳዳው ለቀቀው። ለምን? አልኩት። ‹ድርሻዬን ይዣለሁ› ብቻ ብሎ መንጠቆውን መጠቅለል ጀመረ።»

እንግዲህ ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። ከመካከላችን አንዱ፦ «ይህ ሰው ሞኝ ነው፤ በዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ አንድ ዓሣ ምን ያጎድላል?» አለ። እውነት ነው፤ አንድ ዓሣ ብቻውን ሲታይ ምንም አያጎድልም። ዳሩ ግን ይህን ቃል የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በየጎጆው የተቀመጠው ሁሉ ሊናገረው ይችላል። የሁሉም አንድ አንድ ሲደመር ሐይቁ ራሱ ይሆናል።

ለዚህ ማስረጃ ለማግኘት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። በጣና ሐይቅ በ1986 እ.ኤ.አ. የግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያናችንና የኔዘርላንድ ድርጅቶች ተባብረው ለዓሣ አጥማጆቹ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገቡ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ድኻው እንዲጠቀም ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱ ላቤኦባርበስ የሚሏቸው የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየዘረጋ ይጠብቃቸዋል። አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው ላይ ይበትንና ትልቁንም ትንሹንም ያሰክራል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የሚያዘው ላቤኦባርበስ በክብደት በ75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከእነዚያ አጥማጆች መካከል «ዘሩን ላጥፋ» ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የወሰደው የዕለቱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወንድማችን ደግሞ እንዲህ ሲል ተቃወመ፦ «ያ የሚኒሶታ ሰው የሚያጠምደው ለመዝናናት ነው፤ ቤቱ ሲገባ ሌላ ምግብ ይጠብቀዋል። ልክን መጠበቅ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው። ልጆቹ የተራቡበትን የጣና አጥማጅ ማን ሊወቅሰው ይችላል?» ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ እኛም በቀላሉ አላለፍነውም። የተራበን ሰው ከዳር ቆሞ መውቀስ አይገባም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 315 እንኳ በወረቀት ላይ ሆኖ ብቻውን እንጀራ አይሰጥም። ይሁን እንጂ ከዚህ የምንማረው ልክ መጠበቅ አያስፈልግም ማለትን ሳይሆን፣ ልክ የመጠበቅ ዕዳ አስቀድሞ የሚወድቀው ባልተራበው ሰው ላይ መሆኑን ነው። ያልተራበ ሰው የተራበውን ምክንያት ተውሶ ሲናገር ግን ሁለት ጊዜ ይሰርቃል፤ አንድ ጊዜ ከሐይቁ፣ ሁለተኛ ከድኻው።

ይህን ስንል ሁላችንም ዝም አልን። ምክንያቱም ሁላችንም አንድ ነገር ትዝ ብሎን ነበር።

ባለፈው ዓመት የአንድ ጓደኛችን ሠርግ ሲደርስ የዳስ ሥራው ለእኛ ተሰጠን። የባሕር ዛፍ አጣና መግዣ የሚሆን ገንዘብ ተሰጥቶን ሳለ፣ ገንዘቡን ለሌላ ነገር እናተርፋለን ብለን በማታ ወደ ጭልሞ ደን ገባንና ለጋ የጥድ ግንድ ቆርጠን አመጣን። ጭልሞ በመካከለኛው ደጋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ለመቶ ዓመታት ያደገ ነው። በአገራችን አሳታፊ የደን አያያዝ ከተጀመረባቸው ቀደምት ስፍራዎችም አንዱ በመሆኑ፣ ደኑን የሚጠብቁት በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ራሳቸው በማኅበር ተደራጅተው ነው። እነርሱ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚወስዱትን በልክ አድርገው ሲኖሩ፣ እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች በጨለማ ገባንባቸው። አልተራብንም ነበር። አልበረደንምም ነበር።

በሠርጉ ማግስት የማኅበሩ አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ በመንገድ ላይ አገኙን። «ልጆቼ፣ ዳሱ ደኅና ቆመ?» ሲሉ ጠየቁን። «ደኅና ነው፣ አባባ» አልናቸው። «ዐሥራ ሁለት ናቸው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጉቶዎቹን ቆጥረው ነበር። ለማኅበራቸው ግን አልከሰሱንም።

እንግዲህ «ማንም አላየንም» ስንል የነበረው ሐሰት ነው። ጉቶው አለ፤ ቁጥሩን የያዙ ሰው አሉ፤ እኛም ስድስታችን አለን። የሚኒሶታው ሰውም ዓሣውን የለቀቀው ተቆጣጣሪ ፈርቶ አይመስለንም። በጎጆው ውስጥ ብቻውን እንዳልነበረ አውቋል፤ በሌሎቹ ጎጆዎች ያሉት ሰዎች ድርሻ፣ ገና ያልተወለደው ዓሣና ገና ያልተወለደው አጥማጅ አብረውት ተቀምጠው ነበር። የጥያቄያችን መልስ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ልክን የሚያስጠብቀው የሚያይ ዓይን ሳይሆን፣ የማይታዩትን ባለድርሻዎች ቆጥሮ የሚቀመጥ ሕሊና ነው።

መልሱን ማግኘት ግን ሥራውን መጨረስ አይደለም። አራታችን ወደ ማኅበሩ ሄደን እንናገር፣ ዋጋውንም ከኪሳችን እንክፈል አልን። ሁለቱ ደግሞ፦ «ይህን ብናደርግ ሽማግሌው አይተው ዝም በማለታቸው ይወቀሳሉ፤ ንስሐችን በሰው ጀርባ ላይ ይሁን?» አሉ። ይህም እውነት ነው። ችግኝ ተክለን እናካክስ ያለም ነበር፤ ነገር ግን የዛሬ ችግኝ የቆረጥነውን የሚያክለው እኛ ስናረጅ ነው።

ስለዚህ አስቀድመን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን እርሳቸውን ለመጠየቅ ተስማምተናል። የፊታችን ቅዳሜ በጠዋት ከግንጪ እንነሣለን። ምን እንደሚሉን አናውቅም። የሚሉንን ግን እንፈጽማለን።