ልጆችን ስለ ማስተማርና ስለ ወላጆች ኑሮ

ወላጆች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ጸሎት ታስተምራላችሁ፤ የእግዚአብሔርንም ትእዛዛት በቃል ታስጠናላችሁ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ራሱ ያልፈጸመውን ነገር ለልጁ ማስተማር ለወላጅ ይገባዋልን? ወይስ ራሱ እስኪቀና ድረስ ዝም ይበል?

በሐረር ጀጎል ውስጥ እናት ለልጇ ስፌት ስታስተምር ተመልከቱ። ልጅቱ ከአጠገቧ ተቀምጣ ወስፌው እንዴት እንደሚወጋ፥ አለላውም እንዴት እንደሚዞር ታያለች። እናቲቱ በአፏ «አጥብቂ» እያለች በእጇ አላልታ ብትሰፋ፥ ልጅቱ የምትከተለው እጇን ነው። ክርስትናም በቤት ውስጥ የሚተላለፈው እንዲሁ ነው።

ገንዘብ ያበደረ ሰው በደጅ ሲጣራ አባት ልጁን «አባቴ የለም በል» ብሎ ይልከዋል። ማታ ደግሞ ያንኑ ልጅ ሐሰት ኀጢአት እንደ ሆነ ያስተምረዋል። ልጁ ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ አድርጎ ሦስተኛ ትምህርት ያወጣል፤ ይኸውም ሐሰት ለታናናሾች የተከለከለ፥ ለታላላቆች ግን የተፈቀደ ነው የሚል ነው። እንደዚሁም በቤቱ ስለ ፍቅር እያስተማረ በገበያ ሙስሊሙን ጎረቤቱን በሚዛን የሚያታልል አባት፥ ፍቅር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደማያልፍ ለልጁ ያሳየዋል።

«ልጄን ለመምህር ሰጥቻለሁ» የሚል ይኖራል። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንንም ልጃቸውን ተፈሪን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን፥ እንዲያስተምሯቸው ከካቶሊክ ሚሲዮን ለነበሩት ለአባ ሳሙኤል ሰጥተው ነበር። መልካም መምህር መፈለግ የአስተዋይ አባት ሥራ ነው። ነገር ግን ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ሲያርፉ ልጃቸው ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። እንግዲህ ለማንኛችንም የተሰጠን ዘመን ምን ያህል እንደ ሆነ አናውቅም። መምህር ሌላ ሊተካ ይችላል፤ አባትና እናት በኑሮአቸው የሚያሳዩትን ግን የሚተካ የለም።

ታዲያ ጕድለቱን የሚያውቅ ወላጅ ዝም ይበልን? አይደለም። ዝምታም ራሱ ትምህርት ነውና። ጕድለት የሌለበት ብቻ ያስተምር ቢባል በምድር ላይ አንድ ልጅ እንኳ የሚማር አይገኝም። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው ኀጢአት ስለ ነበረበት አልነበረም፤ ልጆቹን በቃል ገሥጾ ከክፋታቸው ስላልከለከላቸው ነው እንጂ። ስለዚህ ወላጅ ያስተምር፤ በተሳሳተም ጊዜ ስሕተቱን ከልጁ ፊት አይሸሽገው። ያን አበዳሪ ልጁን ልኮ ያስጠራው፤ «በቤት ነበርሁ፤ ዛሬ ገንዘብ የለኝምና እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ» ይበለው። ወደ ልጁም ዘወር ብሎ «ሐሰት አስተምሬህ ነበርና ይቅር በለኝ» ይበል።

በአገራችን «አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይወድቃል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ልጅ በአባቱ ላይ ሌላ ዳኛ እንዳለ ባየ ጊዜ፥ የሚታዘዘው ለአባቱ ቍጣ ሳይሆን አባቱም ለሚታዘዝለት ለእግዚአብሔር ነው። አባቱ በሌለበትም ይህ ፍርሃት ከእርሱ ጋር ይኖራል። ነገር ግን ይቅርታ ጠይቆ ወደዚያው ነገር ዘወትር የሚመለስ ሰው ንስሓን በልጁ ፊት ጨዋታ እንዳያደርገው ይጠንቀቅ።

ጢሞቴዎስ እምነትን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ አገኘ። እነርሱ ሰባክያን አልነበሩም፤ በቤታቸው ግን እምነት ይኖር ነበር። እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ለጸሎት ከመጥራታችሁ በፊት፥ በቀን ያዩባችሁን ነገር አስቡ። የሚታረም ቢኖር አስቀድማችሁ አርሙት፤ ከዚያ በኋላ አብራችሁ ተንበርከኩ። እግዚአብሔር ለሁላችን ይርዳን። አሜን።