ጥይት የሚያርፍበት ስፍራ

ዒላማ መትቶ መደሰት በደል አለበትን? ወይስ እንደ ጉግስና እንደ ገና ጨዋታ የሰውነት ማፍታቻ ብቻ ነው? ጥያቄው ከጦር ሜዳ ርቆ፥ በሰላም ጊዜ፥ በወዳጅ ርስት ላይ ሲነሣ ቀላል ይመስላል። ሰው አልሞተ፥ አውሬ አልቆሰለ፤ የተበሳው ወረቀት ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ቀርቦ ለመረመረው ሰው ከሚመስለው የጠለቀ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሐረር ከተማ ሰው በዕረፍት ቀኑ ከሸዋ በር ወጥቶ፥ በመንገዱ ራቅ ብሎ ርስት ካለው ባልንጀራው ዘንድ ሄደ ይባል። ባለ ርስቱ ከኮረብታ ሥር ሜዳ አስተካክሎ ዒላማ ተክሏል፤ ከዒላማውም በስተኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አፈር አስቆልሏል። መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ ይኑረው የሚለውን አዋጅ ቁጥር 1177/2012ንም ፈጽሟል። እንግዲህ በሕግ በኩል የሚነቀፍ ነገር የለም፤ የቀረው የኅሊና ጉዳይ ነው።

ምሳሌው ከሸዋ በር መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለአሚር ኑር የሚነገርለት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች ሲኖሩት በምዕራብ ያለው ይህ ነው፤ የአገሩ ተወላጆች አስመዲን በሪ ይሉታል። አጼ ምኒልክ በ1879 ዓመተ ምሕረት በጨለንቆ ድል አድርገው ከተማይቱን ከያዙ ወዲህ ስንት ጠመንጃ በዚህ መንገድ እንደ ተመላለሰ መገመት አያዳግትም። ከዚያ በፊት ግን መሣሪያና ከተማ እንዲህ አልተላመዱም ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓመተ ምሕረት ሐረር ገብቶ ከአሚሩ ግቢ ደጃፍ ሲደርስ መሣሪያህን አኑር ተባለ፤ እርሱ ግን ጩቤውንና ሽጉጡን አልለይም ብሎ ተከራከረ። ደጅ ጠባቂው የጠየቀው ነገር ብልኅነት ነበር። ሰው ወደሚኖርበት ስፍራ የሚገባ ሰው እጁ ባዶ ቢሆን ለሁሉም ይበጃል።

ዒላማ መምታት ለጠባይ የሚጠቅመው ነገር መኖሩን መካድ አይገባም። ተኳሹ ሰደፉን ከትከሻው አስጠግቶ፥ ትንፋሹን ገትቶ፥ ቃታውን ቀስ ብሎ ካልሳበ አያገኝም፤ የቸኮለና የተቈጣ ሰው ይስታል። ወረቀቱም አድልዎ አያውቅም። ባለ ሹመቱን ጌታዬ ብሎ አያቈላምጥ፥ ድኻውን አይንቅ፤ የተመታበትን ብቻ ይመሰክራል። በየግብዣው ሲፎክር የሚያመሽ ሰው አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ምስክር ፊት ቢቆም ሳይጠቅመው አይቀርም። አርስጣጣሊስም ስለ ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የሕይወቱን ፍጻሜ የሚያውቅ ሰው ዒላማውን እንደሚያይ ቀስተኛ ይቀናዋል ሲል አስተምሯል።

ፈላስፋው የተናገረው ግን ስለ ዒላማው ነው፤ ከዒላማው በስተኋላ ስላለው ነገር አልተናገረም። የጠመንጃ ጥይት 2 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ የጀጎል ግንብ ዙሪያው ሁሉ ቢለካ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሸዋ በር ውጭ ወደ ምሥራቅ የተሳተ አንድ ጥይት በግንቡ ውስጥ ካሉት 82 መስጊዶች በብዙዎቹ ላይ፥ በፈረስ መጋላ ባለው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ላይ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የባለ ርስቱ ደግነት የሚታየው በጠመንጃው ማማር ወይም በዓይኑ መቅናት ሳይሆን ባስቆለለው አፈር ነው። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው ሰው፥ ምንም ዒላማ ባይኖረውና በማንም ላይ ባያነጣጥር፥ ከእርሱ ይልቅ በደለኛ ነው። ወደ ላይ የወጣው መመለሱ አይቀርምና፤ በማን ላይ እንደሚመለስ ግን ተኳሹ አልጠየቀም። ደስታው የእርሱ፥ ጥይቱ የጎረቤት ይሆናል።

በግእዝ ኀጥአ ማለት አጣ፥ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ ኃጢአትም ከዚሁ ይወጣል። የዚህ ቃል ወንድም የሆነው የዕብራይስጥ ግሥ በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 20 ለወንጭፍ ተነግሯል፤ ከብንያም ነገድ 700 ወንጭፈኞች ጠጕር የምታህለውን እንኳ አይስቱም ነበር። ነገር ግን እነዚህ የማይስቱ ሰዎች የተሰለፉት በጊብዓ ግፍ የፈጸሙትን አሳልፈን አንሰጥም ብለው ነው፤ በዚያም ጦርነት ከሁለቱ ወገን ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደቀ። እጃቸው አልሳተም፤ የሳተው ሌላ ነው። ዮናታን በበኩሉ ዒላማ የሚመታ መስሎ ወደ ሜዳ ወጣና ፍላጻውን ከብላቴናው አሳልፎ ሰደደው፤ ፍላጻው ምንም አልመታም፥ ነገር ግን የተሸሸገው ዳዊት ምልክቱን አውቆ ሕይወቱን አዳነ። ተኩስ ሲወደስ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የብንያማውያን ዓይን ነው፤ የዮናታን ሜዳ ግን ይረሳል።

ወደ ሁለቱ ባልንጀሮች መመለስ ይገባል። እንግዳው በዚያ ቀን 20 ጊዜ ተኰሰ። ሲመሽ ቀለሁን ለቅመው ቢቈጥሩት 20 ሆነ፤ በወረቀቱ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ግን 17 ነው። እንግዳው ደስ ብሎት፣

«አሥራ ሰባቱ ይበቃል ወንድሜ፤ ና፥ ቡናው ይቀዘቅዛል» አለ።

ባለ ርስቱ መልስ ሳይሰጥ ዶማውን አንሥቶ ወደ አፈሩ ቁልል ወረደ። ቀዳዳውን እየተከተለ ሲቈፍር አንደኛውን አገኘ፤ ቈይቶም ሁለተኛውን። ሦስተኛው አልተገኘም። ከቁልሉ ባሻገር፥ በኮረብታው ትከሻ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ፥ በሸዋ በር ገበያ እንጨታቸውን ሸጠው ወደ መንደራቸው የሚመለሱ ሴቶች ተራ በተራ ያልፋሉ። ባለ ርስቱ ዶማውን ተደግፎ ወደዚያ ይመለከት ጀመር። እንግዳውም ሲኒውን አስቀምጦ ተነሣ።