ሕፃናትን የማስተማር ሥልጣን ከየት ይመጣል?

ተማሪ የነበረ ሰው በምን ምክንያት መምህር ይባላል የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ ፈተና ያለፈ፣ ምስክር ወረቀት የያዘና ደመወዝ የተቆረጠለት ሰው መምህር ነው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይነሣምና። ጥያቄው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመምህሩን ቃል መመርመር፣ መጠራጠር፣ ሲሻም አለመቀበል ይችላል፤ ፊደል የሚቆጥር የሰባት ዓመት ሕፃን ግን የሚሰጠውን የሚመዝንበት ሚዛን ገና የለውም፤ ሚዛኑንም የሚቀበለው ከዚያው ከመምህሩ እጅ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ምሉእ እምነት በሚጣልበት ስፍራ ለመቆም መብት የሚያገኘው ከእውቀቱ ነው፣ ከተሰጠው ፈቃድ ነው ወይስ ከሌላ ምንጭ?

የመጀመሪያው መልስ ሥልጣኑ ከእውቀት ይመነጫል የሚል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት፣ ማለትም ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየሰማና እየደገመ የሚማርበት ጥንታዊ ሥርዓት፣ ለዚህ አሳብ ትልቅ ስፍራ ይሰጣል። ሕፃኑ በንባብ ቤት ከፊደል ተነሥቶ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ይዘልቃል፤ የሚገፋበት ከሆነም ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ይሻገራል። ድጓን፣ ማለትም በዓመቱ በዓላት የሚዜመውን የቅዱስ ያሬድ ዜማ መጽሐፍ፣ ለማስተማር የሚሻ ሊቅ በጋይንት ወደምትገኘው ቅድስት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ በዚያ ባሉ መምህራን ፊት እውቀቱ ተመርምሮ ይመረቃል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ መማርና ማስተማር ተለያይተው የሚኖሩ እንዳልሆኑም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፊደል የለየ ልጅ ያልለየውን ያስቆጥራል፤ የበረታ ደቀ መዝሙርም ራሱ እየተማረ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ስለዚህ በአብነት ትምህርት መምህርነት የሚጀምረው በምረቃ ቀን ሳይሆን ተማሪው አጠገቡ ያለውን ደካማ ጓደኛውን ማገዝ በጀመረበት ሰዓት ነው።

እውቀት ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ በጥልቀት ካሰቡት ሊቃውንት አንዱ የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነው። አውግስጢኖስ በ389 እ.ኤ.አ. ገደማ «ስለ መምህር» በተባለው ድርሰቱ ከልጁ ከአዴዎዳጦስ ጋር በሚያደርገው ውይይት፣ ቃል ምልክት እንጂ ነገሩ ራሱ እንዳልሆነ፣ ምልክትም የሚያመለክተውን ነገር ለማያውቅ ሰው በራሱ ምንም እንደማይነግረው ያስረዳል፤ እውነተኛው መምህር በሰው ውስጥ የሚያበራው ክርስቶስ ነው፣ ሰብአዊው መምህርም ተማሪው ወደ ውስጥ እንዲመለከት የሚያነቃ ብቻ ነው ወደሚል መደምደሚያም ይደርሳል። ይህ ትምህርት ከሌሎች መምህራን ሁሉ ይልቅ የሕፃናትን መምህር ይመለከታል፤ ሥራው ምልክቶችን፣ ማለትም ፊደልንና ቁጥርን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስተዋወቅ ነውና። ሦስትን የሚጽፍ ግን ሦስት ፍሬ ለይቶ መቁጠር የማይችል ሕፃን፣ እንዲሁም ትርጉሙን ሳያውቅ ገጹን አቀላጥፎ የሚያነብ ሕፃን፣ ምልክቱን ይዞ ነገሩን አላገኘም። በንባብ ቤት ትርጉሙ እስኪመጣ ድረስ የግዕዙን ንባብ በቃል መያዝ ለጸሎትና ለዜማ የሚያገለግል የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህ መዘግየት አይፈቀድለትም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መደንገጉ ቃልንና ትርጉምን አንድ ላይ ለማስኬድ የሚያስችል ነው።

ሁለተኛው መልስ ሥልጣኑ የሚመጣው ከፈቃድ ነው፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ወይም መንግሥት በወሰነው መንገድ አልፎ ከመመስከር ነው ይላል። ማኅበረሰብ ልጆቹን ላልመረመረው ሰው ሊሰጥ ስለማይገባው ይህ መልስ ተገቢ ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ ፖሊሲው ሥራ ላይ በዋለባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰርተፊኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚያስተምር ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ዲግሪ ይጠየቅ ነበር፤ በኋላ የታችኞቹ ክፍሎች መምህራን መመዘኛ ከፍ ቢልም፣ በመሰላሉ ውስጥ የተሰወረው አሳብ ገና አልጠፋም። አሳቡ የመምህርን ክብደት በሚያስተምረው ነገር ርቀት ይለካል፤ ሀሁን ከሚያስተምረው ይልቅ ካልኩለስን የሚያስተምረው እንደሚበልጥ ይቆጥራል። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሥልጣን ክብደት መለካት ያለበት ሥልጣኑ በሚያርፍበት ሰው ደካማነት ነውና፣ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠየቃል።

የሃይማኖት ትውፊቶች ይህን በየራሳቸው መንገድ ያረጋግጣሉ። የያዕቆብ መልእክት በሦስተኛው ምዕራፍ ብዙዎች መምህራን ለመሆን እንዳይቸኩሉ የሚመክረው የመምህር ፍርድ ከሌላው ስለሚከብድ ነው። የአይሁድ ታልሙድ ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ቤን ገምላ በየአገሩና በየከተማው የሕፃናት መምህራን እንዲሾሙ፣ ልጆችም በስድስት ወይም በሰባት ዓመታቸው እንዲገቡ ማዘዙን ይተርካል፤ ለአንድ መምህር የሚገባው የተማሪ ቁጥር 25 መሆኑን፣ 40 ሲደርሱም ረዳት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ኢማም አል-ገዛሊ ደግሞ «ኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው መምህር ተማሪዎቹን እንደ አባት እንዲያይ፣ ከአእምሯቸው አቅም በላይ የሆነውንም እንዳይጭንባቸው ያዛሉ። ከሦስቱም የሚገኘው ሦስተኛው መልስ፣ የማስተማር ሥልጣን መሠረቱ ተጠያቂነት ነው የሚል ነው፤ እውቀትና ፈቃድ ለተጠያቂነት ያበቃሉ እንጂ አይተኩትም።

ይህ ከሆነ የእጩ መምህሩ ጉዞ አቅጣጫው ይለወጣል። ሌላው ተማሪ ከመነሻው እየራቀ ሲሄድ፣ እጩ መምህሩ እውቀት ከጨመረ በኋላ ወደ መነሻው መመለስ፣ ለእርሱ ከረጅም ጊዜ በፊት ግልጽ የሆነው ነገር ለሕፃኑ ለምን እንደሚጨልም እንደገና መማር አለበት። ሥነ ማስተማር የሚባለው፣ ማለትም እውቀት ወደ ተማሪው የሚደርስበትን መንገድ የሚያጠና ትምህርት፣ ዋና ትርፉ ይህ ነው፤ እጩው በትምህርት ቤት ተገኝቶ በነባር መምህር ክትትል የሚያደርገው የማስተማር ልምምድም ለውጤት ብቻ የሚፈጸም ግዴታ ሆኖ ከቀረ ዓላማውን ስቷል። ልጁ ሲሳሳት ስሕተቱን ከመሰረዙ በፊት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ እጩ መምህርነትን ጀምሯል፤ የማይጠይቅ ግን ዲፕሎማ ይዞም ገና ደጅ ላይ ነው።

ስለዚህ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ከሁሉ የላቁ አሠልጣኞቻቸውን የ1ኛ ክፍል መምህራንን ለሚያዘጋጀው ክፍል ይመድቡ፤ መንግሥትም ለዚህ ሥራ የሚሰጠውን ክብርና ክፍያ ሥራው ከሚጠይቀው ኃላፊነት ጋር ያስተካክል፤ ወላጆችም መምህርነትን ሌላ በር ሲዘጋ የሚገባበት ሥራ አድርገው ለልጆቻቸው መንገር ይተዉ። ሕፃናትን ለማስተማር የሚዘጋጅ ወጣት ደግሞ ራሱን ዝቅ ባለ እርከን ላይ እንዳለ አይቁጠር፤ የተሰጠው አደራ ከመምህራን አደራ ሁሉ የከበደው ነው።